ሄሊኮፕተር በከተማ ላይ ሲዞር

ትልቅ የሕዝብ በዓል በሚቃረብበት ሰሞን አንዳንድ ጊዜ ሄሊኮፕተሮች ለልምምድ ወደ አዲስ አበባ ብቅ ሲሉ በቂርቆስና በካዛንችስ ያለው ሰው እንዴት እንደሚሆን ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ድምፁ ከአካሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ የመስኮቱን መስተዋት ያንቀጠቅጠዋል፤ የቆርቆሮውን ክዳን ያርገበግበዋል። ልጆች ከየግቢው ሮጠው ይወጣሉ። ሽንኩርት የምትመዝነው ሴት ሚዛኗን ትታ ቀና ትላለች። በየመሥሪያ ቤቱ ያለውም ወጣት ጸሐፊ ከፊቱ የተከመረውን መዝገብ ትቶ ወደ መስኮት ይጠጋል። ሁሉም በአንድ ቃል «እሰይ!» ይላል።

እኔም በልጅነቴ ከሚሮጡት አንዱ ነበርሁና ማንንም ልወቅስ አልችልም። ነገር ግን ከጥቂት ጊዜ በፊት በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስሄድ አንድ ተማሪ፥ ደብተሩን በብብቱ እንደ ያዘ፥ ወደ ሰማይ እያየ፥ «ጋሼ፥ ይኼ ነገር እንደ ጄቱ ለምን አይገለበጥም? ነጂዎቹ ፈሩ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያን ጊዜ የሚያጠግብ መልስ አልሰጠሁትም። «አንተ ልጅ፥ መኪና መጣብህ፤ ከመንገዱ ውጣ» ብዬው ብቻ አለፍሁ። ዛሬ የምጽፈው ለእርሱ ያልሰጠሁትን መልስ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምቈጥረው በእኛ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልኝ።

በሰማይ ላይ ትርኢት የማሳየት ነገር በአገራችን የተጀመረው ሄሊኮፕተር ከመምጣቱ እጅግ ቀድሞ ነው። የመጀመሪያው አይሮፕላን ፖቴዝ 25 የሚባለው፥ ሜሌ በተባለ ፈረንሳዊ እየተነዳ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ቈይቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሲቃረብ በከተማው ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚወራለት በራሪ ሂዩበርት ጁሊያን ይባል ነበር። ይህ ሰው በትሪኒዳድ ተወልዶ በአሜሪካ በሐርለም ሰፈር ስሙ የገነነ፥ «ጥቁሩ ንስር» እየተባለ የሚጠራ ጥቁር ሰው ነው። አዲስ አበባ መጥቶ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ከአይሮፕላን በጃንጥላ ዘሎ በሰላም ወረደ። ሕዝቡ እልል አለለት፤ ንጉሠ ነገሥቱም የኢትዮጵያ ዜግነትና የኰሎኔልነት ማዕርግ ሰጡት።

ነገሩ በዚህ ቢቈም መልካም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎቹ አብልጠው የሚወዷት፥ ጂፕሲ ሞዝ የምትባል የእንግሊዝ ሥራ የሆነች ትንሽ አይሮፕላን ነበረች። ለዘውዱ በዓል ልምምድ በሚደረግበት ሰሞን ጁሊያን ይህችን አይሮፕላን አስነሣት፤ ከባሕር ዛፍም ጋር አጋጭቶ ሰባበራት። እርሱ ከሞት ተረፈ። «ቀናተኞች ተንኰል ሠርተውብኝ ነው» ብሎ ቢከራከርም ሰሚ አላገኘም፤ የዘውዱ በዓል ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲከበር ለበዓሉ ሊበር የመጣው ሰው ከአገር እንዲወጣ ታዝዞ ነበር። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ አይሮፕላኖች በጣት የሚቈጠሩ ስለ ነበሩ የአንዲቱ መሰበር ለመንግሥቱ ቀላል ጉዳት አልነበረም።

ሰዎች የጁሊያንን ታሪክ ሲያወሩ ይስቃሉ፤ እኔም ሥቄበታለሁ። ሆኖም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሰውየው አልፈራም፤ ድፍረትስ ነበረው። አይሮፕላኗም ከሠራተኛዋ እጅ ጤናማ ሆና የወጣች ነበረች። ጦርነትም አልነበረም። አደጋው የደረሰው በዓል ሊከበር ሲል፥ ለታላቅ ተመልካች በሚደረግ ልምምድ ላይ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን የሌላ አገር አደጋዎች ስታነቡ ይህ ሁኔታ እየተደጋገመ ስታገኙት ትገረማላችሁ።

ከጁሊያን ጋር ሊነጻጸር የሚገባው ሰው ከቺካጎ የመጣው ጆን ሮቢንሰን ነው። ሁለቱ በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአዲስ አበባ በቡጢ እስከ መጋጨት ደርሰው ነበር ይባላል። ሮቢንሰን የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል አዛዥ ሆኖ፥ መሣሪያ ባልነበራቸው ጥቂት አይሮፕላኖች መልእክትና መድኃኒት ወደ ጦር ግንባር ያመላልስ ነበር። ከጠላት አይሮፕላን ለማምለጥ ሲል ምናልባት ጁሊያን ካሰበው የባሰ እጥፋት ሠርቶ ይሆናል፤ ግን ለመታየት ብሎ አልነበረም። በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ወጣቶቻችንን አስተማረ፤ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በደረሰበት የአይሮፕላን አደጋ ምክንያት ሞተ፤ የተቀበረውም እዚሁ ነው። የመብረር ሥራ እንዲህ ያለውንም ጠንቃቃ ሰው ይወስዳል።

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ ልመለስ።

አይሮፕላን የሚንሳፈፈው ክንፉ ቆሞ አካሉ ወደ ፊት ስለሚሮጥ ነው። ሄሊኮፕተር ግን አካሉ ቢቆምም ክንፉ ስለሚሽከረከር ይንሳፈፋል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሜዳ በሌለበት ተራራ ላይ ያርፋል፥ በጐርፍ የተከበበ ሰው ያነሣል። ጸጋው ግን ዕዳ አለበት። የሚሽከረከረው ክንፍ በአንድ በኩል ወደ ፊት ሲሄድ በሌላው በኩል ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሄሊኮፕተሩ እጅግ በፈጠነ ጊዜ ወደ ኋላ የሚሄደው ላጭ አየሩን ሊይዝ ያቅተዋል፤ አካሉም ወደ አንድ ወገን መጋደል ይጀምራል። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ፈጥኖ ሲወርድ ደግሞ ራሱ ባናወጠው ነፋስ ውስጥ ይሰምጣል፤ በዚህ ጊዜ ነጂው ደንግጦ ጉልበት ቢጨምር መስመጡ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። መድኃኒቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ሸሽቶ ካልተናወጠው አየር መድረስ ነው፤ ለመሸሽ ግን ከበታች በቂ ከፍታ ያስፈልጋል። ባለ ሁለት ላጭ የሆኑትንማ፥ ማለት ቤል የተባለው ኩባንያ የሠራቸውን የቀድሞዎቹን፥ ነጂው በድንገት አፍንጫቸውን ቢደፋቸውና ለቅጽበት ክብደት እንደሌላቸው ቢሆኑ፥ ላጩ የተተከለበትን ምሰሶ ራሱ መትቶ ሊቈርጠው ይችላል። አንዳንድ ዓይነት ሄሊኮፕተር፥ እንደ ጀርመኑ ቦ 105 ያለው፥ ክንፉ በጠንካራ ማያያዣ ስለ ታሰረ በሠለጠነ ሰው እጅ ሊገለበጥ ይችላል። ሌላው ግን ቢሞክረው ይሞታል። እንግዲህ ያ ልጅ «ፈሩ እንዴ?» ያላቸው ሰዎች አለመገልበጣቸው ሥራቸውን ማወቃቸው ነው።

በክፍል ውስጥ ፊዚክስ የሚማር አንባቢ ሌላም ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። ሄሊኮፕተር 60 ዲግሪ ያህል ተጋድሞ ከፍታውን ሳይለቅ ሲዞር ክንፉ የሚሸከመው ክብደት እጥፍ ይሆናል። 10,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቢሆን በዚያች ቅጽበት 20,000 እንደሚመዝን ሆኖ ይሰማዋል። ከላይ ተወርውሮ ወርዶ በድንገት ቀና ሲልም እንዲሁ ነው። ተመልካቹ ከታች የሚያደንቀው ውብ ጥምዝ ለክንፉ ድንገተኛ ሸክም ነው።

ታዲያ የዚህ ሸክም ጉዳይ በአዲስ አበባ ላይ ሲሆን ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቈረቈረች ናት። በባሕር ዳርቻ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን በእኛ ከተማ በሞቃት ቀን 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። ማለት ክንፉ የሚረግጠው አየር ሩቡን ያህል ጐድሏል። ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። ጧት ቅዝቃዜው ሳይለቅ ያለ ችግር የተደረገ እጥፋት ከቀትር በኋላ ፀሐይ ሲጠነክር ላይሳካ ይችላል፤ በበጋ ቀትር ላይ ለሄሊኮፕተሩ አዲስ አበባ ከ3,000 ሜትር በላይ እንዳለ ተራራ ትሆንበታለችና። አየር ኃይላችን ዋና ሰፈሩን ያደረገባት ደብረ ዘይት፥ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፥ 1,900 ሜትር ያህል ላይ ናት። ልዩነቱ ከ400 ሜትር በላይ ነው። ከሐይቆቹ በላይ መቶ ጊዜ የተለማመዱትን ነገር በመስቀል አደባባይ ላይ መድገም በአፍ ሲነገር አንድ ይመስላል፤ ለክንፉ ግን አንድ አይደለም።

ይህ የመጽሐፍ ሒሳብ ብቻ አለመሆኑን በጥር 2004 ዓ.ም. በአፍጋኒስታን፥ ሻራና በተባለው ስፍራ የሆነው ያሳያል። ስፍራው እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አንድ አፓቼ የተባለ የአሜሪካ የጦር ሄሊኮፕተር በጦር ሰፈሩ ላይ አልፎ፥ ሽቅብ ወጥቶ፥ ተጠማዝዞ ቍልቍል ተወረወረ። ወታደሮቹ በስልካቸው ፊልም እያነሡት ነበር። ነጂው አፍንጫውን ቀና አደረገ፤ አፍንጫው ታዘዘ፤ አካሉ ግን መውረዱን አልተወም። አፍንጫው ወደ ሰማይ እያየ ሆዱ ከመሬት ጋር ተላተመ፤ በሰፈሩም መካከል እየተንሸራተተ አለፈ። ነጂዎቹ በሕይወት ተረፉ። በመሬት የነበሩትም አለመሞታቸው የዕድል ነገር ነው። ያንን ፊልም ያየ ሰው ከአደጋው ጥቂት ቅጽበት በፊት ነገሩ ምን ያህል ያማረ እንደ ነበረ ያስተውላል። የሳሳው አየር የሚያታልለውም በዚሁ ነው፤ መሪው የሚታዘዝ እየመሰለ ክንፉ ይከዳል።

በትርኢት ላይ የሚደርሰው አደጋ ሁሉ ግን የነጂ ስሕተት አይደለም። መስከረም 1 ቀን 1975 ዓ.ም.፥ በእኛ የዘመን መለወጫ ዕለት፥ በጀርመን አገር የማንሃይም ከተማ የተመሠረተችበትን 375ኛ ዓመት ታከብር ነበር። ቺኑክ የተባለ ባለ ሁለት ተሽከርካሪ ክንፍ የአሜሪካ ጦር ሄሊኮፕተር ከፈረንሳይ፥ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጡ የጃንጥላ ዘላዮችን ጭኖ ተነሣ፤ በአየር ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ታላቅ ክብ ሊሠሩ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሄሊኮፕተሩ ሊመለስ ዝቅ አለ፤ ከዚያም የፊቱና የኋላው ክንፍ እርስ በርሳቸው ተጋጩ። በውስጡ የነበሩት 46 ሰዎች ሁሉ ሕዝብ እያየ አለቁ። በኋላ ሲመረመር ምክንያቱ ምን ሆኖ ተገኘ? የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት። አዎን፥ የለውዝ ዓይነት ፍሬ ቅርፊት። የክንፎቹን ማርሽ ክፍሎች ለማጽዳት ይጠቀሙበት የነበረው ይህ ዱቄት ሙሉ በሙሉ ሳይጠረግ ቀርቶ ዘይት የሚተላለፍባቸውን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ደፍኖ ነበር።

የማንሃይሙን ታሪክ ያስረዘምሁት በመሥሪያ ቤት ለተቀመጣችሁት ወጣት ሹማምንት ስል ነው። እኛ ትርኢት ስናይ የምናደንቀው ነጂውን ነው። የነጂው ሕይወትና በታቹ ያለው ሰው ሕይወት ግን የተንጠለጠለው ስሙ በማይታወቅ፥ እጁ በዘይት በጨቀየ መካኒክና እርሱ በፈረመባት ወረቀት ላይ ነው። በዓል ሲቃረብ «ለነገው ይድረስልን» እየተባለ የሚቻኰለው ደግሞ ይኸው ሰው ነው። «አልደረሰም፤ አይነሣም» ብሎ የሚጽፍ መካኒክና ያንን ጽሑፍ አክብሮ ትርኢቱን የሚሰርዝ አለቃ መገኘታቸው ነገሩን ይወስነዋል። አለቃው የተጋበዙት ታላላቅ ሰዎች እንደሚያዝኑበት እያወቀ መሰረዝ አለበት። ይህ ከሁለቱ የሚከብድ ይመስለኛል።

በሩስያ በሐምሌ 26 ቀን 2007 ዓ.ም.፥ በራያዛን አጠገብ በተደረገ ትርኢት ላይ፥ ሚ 28 የተባለ የጦር ሄሊኮፕተር በብዙ ተመልካች ፊት እየተሽከረከረ ወርዶ ተከሰከሰ፤ አንዱ ነጂ ሞተ፥ አንዱ ተረፈ። ከሁሉ የቅርቡ የማሌዢያው ነው። ሚያዝያ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የአገሪቱ ባሕር ኃይል 90ኛ ዓመቱን ሊያከብር በሉሙት የጦር ሰፈር ልምምድ ሲያደርግ፥ ተሰልፈው ከሚበሩት ሄሊኮፕተሮች ሁለቱ ተጋጩ። በትልቁ ሰባት፥ በትንሹ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ዐሥሩም ሞቱ። በዓሉ ገና አልደረሰም፤ የተጋበዘው ሕዝብም አልመጣም። ተሰልፎ መብረር ከታች ለሚያየው ከመገልበጥ ይልቅ ቀላል ይመስለዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ነጂ ከጎኑ ያለውን ሲመለከት በሌላው ወገን ያለውን አያይም፤ የክንፉም ጫፍ በፍጥነት ስለሚዞር ለዓይን አይጨበጥም።

ለእኛ አገር ሄሊኮፕተር የትርኢት ዕቃ ሆኖ አልመጣም። በ1970 ዓ.ም. በሶማልያ ወረራ ጊዜ ካራማራን ዙሮ ከጠላት በስተ ጀርባ ወታደርና ቀላል ብረት ለበስ ያወረዱት ግዙፎቹ ሚ 6 ሄሊኮፕተሮች ለጅጅጋ መመለስ የነበራቸው ድርሻ በታሪክ የታወቀ ነው። ያለ ትርኢትም አደጋ ደርሶብናል። ነሐሴ 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ ቢሾፍቱ ይበር የነበረ የመከላከያ ሄሊኮፕተር ወድቆ 15 የሠራዊቱ አባሎችና ሦስት ሲቪሎች፥ በጠቅላላው 18 ሰዎች ሞተዋል። ይህ በተለመደ ጉዞ ላይ የሆነ ነው። እንዲህ ካለው አደጋ ላይ በፈቃድ የሚጨመር አደጋ ለምን አስፈለገ ብሎ መጠየቅ ወታደሩን መናቅ አይደለም፤ ይልቁንም ለእርሱ ማሰብ ነው።

«ታዲያ ልምምድ ይቅር ወይ?» የሚል ይኖራል። አይቅር። በጦርነት ጊዜ ዝቅ ብሎ መብረር፥ በሸለቆ ውስጥ መጠማዘዝ፥ ከተኩስ መሸሽ ግድ ነው፤ ይህንም በሰላም ጊዜ ያልተማረ ነጂ በክፉ ቀን አይችለውም። ግን ይህ ልምምድ የሚደረገው መጀመሪያ በከፍታ ላይ፥ ስሕተት ለማረም ጊዜ በሚገኝበት፥ አስተማሪ ከጎን ተቀምጦ፥ ክብደትና የአየሩ ሙቀት ተሰልቶ ነው። ለዓይን ደስታ ሲባል፥ ለጓደኛ ፎቶግራፍ ሲባል፥ ወይም በታች የቆመች ወዳጅ እንድታይ ሲባል ከታቀደው ውጭ የሚጨመረው ነገር ግን ሌላ ነው፤ የአብራሪነት ወግ ያላቸው አገሮች ሁሉ ይህን የሚቀጡት ባይወድቅም ነው። ከወደቀ በኋላ መቅጣትማ ምን ይጠቅማል?

የካዛንችስን ነገር ሳልናገር ብቀር ቂርቆሶች ይቀየሙኛል። ካዛንችስ የሚለው ስም በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት የመጣ ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ከመነሻው የጸሐፊና የሹም ሰፈር ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት በተሞከረ ጊዜ የጦር አይሮፕላኖች በከተማው ላይ ዝቅ ብለው ሲያንዣብቡ ያዩ የቀድሞ ነዋሪዎች ያንን ድምፅ ሲያወሱ «እሰይ» አይሉም ነበር። የዚያ ዘመን ቤት ዝቅ ያለ ነው፤ በመካከሉም የአትክልት ቦታና ባዶ መስክ ነበረ። ከአሮጌው ካዛንችስ ብዙው በ2017 ዓ.ም. ለመንገድና ለአዲስ ሕንፃ ሲባል ፈርሷል። ዛሬ በቂርቆስ ዙሪያ ፎቅ ከፎቅ ጋር ይተያያል፤ የሕንፃ መሥሪያው ክሬን ክንዱን ዘርግቶ ይዞራል፤ አንዱ ሽቦ ሲወርድ ሌላው ይሰቀላል። ሽቦ ደግሞ የሄሊኮፕተር የቆየ ጠላት ነው፤ ነጂው ምሰሶውን ያያል እንጂ ሽቦውን ብዙ ጊዜ አያየውም። ካርታው ባለፈው ወር ተሠርቶ ከሆነ የዚህን ወር ክሬን አያሳይም።

ሞተሩ ቢጠፋስ? ሄሊኮፕተር ሞተሩ ሲጠፋ እንደ ድንጋይ ይወድቃል ማለት ስሕተት ነው። ነጂው በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ የላጮቹን ዘንበልታ ከቀነሰው ክንፉ ከታች በሚመጣው ነፋስ እየተሽከረከረ ቀስ ያደርገዋል፤ ይህን ሁሉም ነጂ ይማረዋል። እንደ ዓይነቱ ከከፍታው ሦስት ወይም አራት እጥፍ የሚሆን ርቀት ወደ ፊት ሊንሳፈፍ ይችላል። በ150 ሜትር ከፍታ የሚያልፍ ከሆነ ከ450 እስከ 600 ሜትር ማለት ነው፤ ለዚህም ያለው ጊዜ ዐሥራ አምስት ወይም ሃያ ሰከንድ ያህል ነው። በዚያች ጊዜ ሰው የሌለበት ሜዳ መምረጥ አለበት።

ከካዛንችስ ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው መንገድ በእግሬ እየሄድሁ በዚያ ርቀት ውስጥ ምን ሜዳ እንዳለ ስቈጥር ውያለሁ። የቤተ ክርስቲያን ግቢ አለ፤ ዛፍና መቃብር ሞልቶታል። የትምህርት ቤት መጫወቻ አለ። አዲስ የተነጠፈው ሰፊ መንገድ አለ፤ መብራት በየጥቂት እርምጃው ተተክሎበታል። በእውነት ገላጣ የሆነው መስቀል አደባባይ ራሱ ነው፤ እርሱም ባዶ የማይሆንበት ቀን ቢኖር ትርኢቱ የሚታይበት ቀን ነው።